ያለ ተራ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ስልኬን ተቀብላ ዘፈኖቼን ልታስተካክልልኝ ተቀመጠች። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ነገር በቦታው ሲሆን ነው ደስ የሚላት። አራት ፎልደር ከፈተች። ዘፈን፣ መንዙማ፣ መዝሙር፣ የውጭ። ግማሽ ሰዓት ያህል አንዱን እዚህ ሌላውን እዚያ ስታደርግ ቆየችና ድንገት ቆመች።

«ጋሼ፣ ይሄንን የት ላድርገው?»

ስሙ «ትራክ 07» ነው። ከፈተችው። ክራር ብቻ ነው፣ የሚዘፍን ሰው የለበትም። ከኋላ የሲኒ ድምፅ ይሰማል። ዜማው የመንዙማ ነው። ቅኝቱ ትዝታ ነው። የሚጫወተው ደግሞ የማርያም ማኅበር የሚጠጣው የእናቴ ወንድም ነው። እሷ እኔን አየች፣ እኔ እሷን አየሁ። «ተይው በቃ፣ ሁሉንም እንደነበረ መልሺው» አልኳት። ቅር እያላት መለሰችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ዘፈኖቼ እያሰብኩ ነው። ወደ 900 ይጠጋሉ። ከካሴት የዞረ አለ፣ ከጓደኛ በብሉቱዝ የመጣ አለ፣ ፒያሳ ሱቅ ላይ ከፍዬ ያስጫንኩት አለ። የምሰማቸው መንገድ ላይ ነው። የምኖረው ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ጠዋት የሐረጎን ዳገት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። መንገዱ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግን ጠመዝማዛ ስለሆነ ሁሉ ነገር እንደ ሹፌሩ ነው፤ አንዱ በግማሽ ሰዓት ያደርስሃል፣ ሌላው ከሲኖትራክ ኋላ ተለጥፎ ሰዓት ይፈጃል። ኢርፎኔን ሰክቼ ሸፍል እጫናለሁ። ከዚያ ስልኩ ያመጣውን ነው የምሰማው። አላልፍም። የመጣው ዘፈን እስኪያልቅ ይሰማል።

የዚህን ሰኞ ልንገራችሁ።

መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስንጠብቅ መጀመሪያ የመጣችው ማሪቱ ለገሰ ናት፣ በአምባሰል። አምባሰልን ከማሪቱ በላይ የሚዘፍን ሰው ለእኔ ገና አልመጣም። ስለ ቅኝት ብዙ ለማታውቁ፣ ዋናዎቹ አራት ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ አላቸው፣ የሚለያያቸው በድምፆቹ መሀል ያለው ርቀት ነው። ከአራቱ ሁለቱ ስማቸው የእኛው ሀገር ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር ስትወርዱ የምታገኟት ከተማ ናት። አምባሰል ደግሞ ከሐይቅ ከተማ አልፎ ያለው ሀገር ነው፣ ግሸንም እዚያው ናት፣ የውጫሌ ውል በ1881 የተፈረመባት ውጫሌም እዚያው ናት።

አምባሰል ምን እንደሆነ በእጄ አስይዞ ያሳየኝ ይኸው ክራር መቺው አጎቴ ነው። ልጅ ሆኜ ክረምቱን እሱ ዘንድ ውጫሌ ነበር የምከርመው። ማታ እራት ከተበላ በኋላ ክራሩን ከግድግዳ ያወርዳል። ግን ቶሎ አይጫወትም። ይቃኛል። ጅማቱን ቀንበሩ ላይ ትንሽ ጠምዘዝ ያደርግና በአውራ ጣቱ ይመታዋል፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ እንደገና ይጠመዝዛል። አንዳንዴ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። ኩራዙ ይንቀለቀላል፣ እኔ እንቅልፌ ይመጣል። «አያ፣ ዝፈን እንጂ!» እላለሁ። አንድ ማታ ዝም ብሎ እጄን ያዘና ጣቴን ጅማቱ ላይ አስቀመጠው።

«ይቺን ምታ። እሺ፣ አሁን ይቺን።»

ሁለቱ ድምፆች የተጣበቁ ያህል ነው የሚቀራረቡት። መሀላቸው ግማሽ ድምፅ ብቻ ናት።

«አሁን ሦስተኛዋን።»

ሦስተኛዋ ሩቅ ናት። ተጠግቶ ተጠግቶ ቆይቶ መዝለል ነው።

«አምባሰል ይሄ ነው» አለኝ። «መጀመሪያ ልብህን ጭብጥ ያደርግሃል፣ ከዚያ ይለቅሃል።» ቀጠለና አንዳንዱን ጅማት አላልቶ አንዳንዱን አጥብቆ ወደ ባቲ ቀየረው። ባቲ ገና ከመነሻው ነው የሚዘልለው። ያን ማታ ሁለቱን ለየኋቸው፣ ከዚያ ወዲህ ተምታተውብኝ አያውቁም።

ማሪቱ ከዚያ ከተጠጋው ድምፅ ወደ ሩቁ በአንድ ትንፋሽ የምትወጣበት ቦታ አለ። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ አሁንም ቦታው ሊደርስ ሲል ትንፋሼን እይዛለሁ። ሰኞ ዕለትም ያዝኩት። በመስኮቱ ረዳቱ «አንድ ሰው! ኮምቦልቻ አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል፣ እሷ ጆሮዬ ውስጥ ትወጣለች። ማሪቱ ከወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን የወጣች ድምፃዊት ናት። ኪነት የደርግ ዘመን ነገር ስለሆነ ብዙ ሰው ሲነሳ ፊቱን ያጠቁራል፣ ምክንያትም አለው። ግን እነዚያ ልጆች በየመድረኩ ባይዞሩ ኖሮ የወሎ ዜማ ያን ያህል ሩቅ ይሰማ ነበር ብዬ አላምንም።

ቀጥሎ የመጣው መሐመድ ወርዲ ነው፣ ሱዳናዊው። ቃሉ አይገባኝም። አባቴም አይገባውም ነበር፣ ግን አብሮ ያፏጨው ነበር። የሱዳን ዘፈንም እንደኛው በአምስት ድምፅ ስለሚሄድ ለጆሯችን ባዕድ አይደለም። ሚኒባሱ ሞልቶ ሲነሳ እሱ አለቀ።

ሐረጎ ጫፍ ስንደርስ ጉም ነበር። የነሐሴ ጉም፣ ፊት ለፊት ያለው መኪና መብራቱ ብቻ የሚታይበት። ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ተሳፋሪው ዝም አለ። ያኔ ነው ፒያኖው የጀመረው፤ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ።

የእማሆይን ሙዚቃ ያገኘሁት ዘግይቼ ነው፣ አዲስ አበባ የሚሠራ ጓደኛዬ ነው የላከልኝ። መጀመሪያ ስሰማው አልያዘኝም ነበር። የፈረንጅ ሙዚቃ መሰለኝ። ኋላ ታሪካቸውን አነበብኩና ተመልሼ ሰማሁት። ከትልቅ ቤተሰብ ነው የተወለዱት፣ በ1916። ልጅ ሳሉ ስዊዘርላንድ ተማሩ፣ በኋላ ካይሮ ሄደው ፒያኖና ቫዮሊን አጠኑ። ለንደን ሄደው ሙዚቃ የመማር ዕድል መጥቶላቸው ሳይፈቀድላቸው ቀረ። ያ ሲሆን ሁሉን ትተው ወደ ምናኔ ገቡ። የገቡት ደግሞ ግሸን ማርያም ነው። እኛው አምባሰል! አሥር ዓመት ያህል እዚያ ተራራ ላይ በባዶ እግራቸው ኖሩ። የመጀመሪያ ሸክላቸው ጀርመን የታተመው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው፣ ገቢውም ለችግረኛ ነበር። በ2015 ኢየሩሳሌም ሲያርፉ ዕድሜያቸው 99 ነበር።

ይሄን ካወቅኩ በኋላ አንድ እሁድ ለእናቴ አሰማኋት። እናቴ ለመስከረም 21 ግሸን ሳትሄድ የቀረችበትን ዓመት በጣቷ ቆጥራ ትነግርሃለች። ሽሮ እየነፋች ነበር። ስልኩን አጠገቧ መደቡ ላይ አስቀመጥኩት።

«ይሄ በገና ነው?» አለችኝ።

«ፒያኖ ነው እማ። ግሸን አሥር ዓመት የኖሩ መነኩሲት ናቸው የሚጫወቱት።»

ወንፊቱን አስቀመጠች። እጇ ላይ ያለውን ዱቄት በቀሚሷ ጠረገች፣ አማተበችና ተነስታ ቆመች። ቁጭ በይ ብላት እንቢ አለች። እስኪያልቅ ቆማ ነው የሰማችው፣ ልክ ቤተ ክርስቲያን እንደምትቆመው። ሲያልቅ «ድጋሚ አድርግልኝ» ልትል ነው ብዬ ስጠብቅ «እንዴት ብርዱን ቻሉት?» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ከዚያ ወዲህ እኔም ያን ፒያኖ ስሰማ ብርዱ ነው የሚመጣብኝ።

ጉሙ ከሐረጎ ግማሽ በታች ተገለጠ። ታች ኮምቦልቻ ፀሐይ ወጥቶባታል። ያኔ ስልኩ ባቲን አመጣ። ይሄኛው የአባቴ ነው።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ ባለ ኤንትሬ። አሰብ ነው የሚመላለሰው፤ በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ። ቴፑንም የገዛው አሰብ ነው። ትምህርት ሲዘጋ አንዳንዴ ይዞኝ ይሄድ ነበር፣ ጋቢና ውስጥ በእሱና በረዳቱ መሀል እቀመጣለሁ፣ ሞተሩ ከሥራችን ስለሆነ ሰውነቴ ይግላል። ቴፑ በባትሪ ድንጋይ ነበር የሚሠራው። ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙ ድምፁ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ይሄዳል። ያኔ አባቴ ድንጋዮቹን አውጥቶ መስታወቱ ሥር ፀሐይ ላይ ይደረድራቸዋል፣ ሰዓት ያህል ከሞቁ በኋላ ሁለት ሦስት ዘፈን ያስኬዳሉ።

ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ሰኞ ባቲ የደረሰ መኪና ዝም ብሎ አያልፍም። አፋሩ ከቆላ ግመሉን እየነዳ ይመጣል፣ ኦሮሞውና አማራው ከደጋ እህሉንና ከብቱን ይዞ ይወርዳል፣ ሦስት ቋንቋ በአንድ ጊዜ ይሰማል። አባቴ ለቤት የሚሆን ነገር ለመግዛት ይቆማል። አንድ ሰኞ ዳገቱ ላይ ሊያቆም ሲል እኔ ቴፑን ጭኔ ላይ ይዤ እነካካለሁ። ኦሪጅናል ካሴት ቢሆን ምንም አይሆንም ነበር፣ ከላይ ያለችው ፕላስቲክ ስለተሰበረች አይቀዳበትም። ይሄ ግን ቅጂ ነው። ቀዩን ቁልፍ ከማጫወቻው ጋር አብሬ ተጫንኩት።

ስለዚህ በዚያ የባቲ ዘፈን መሀል፣ ክራሩና ማሲንቆው እየሄዱ ሳሉ፣ ቋ ይላል። ከዚያ የሞተር ድምፅ። አንድ ፍየል። ከዚያ የአባቴ ድምፅ፤ «ታኮ! ታኮ አስገባ አንተ ልጅ!» ይላል ለረዳቱ። እንደገና ቋ። ዘፈኑ ከግማሽ ስንኝ ይቀጥላል። ሰባት ሰከንድ ናት ቢበዛ።

ያን ቀን በጣም ተቆጣኝ። ካሴቱን የሚወደው ነበር። እስከ ሚሌ አላናገረኝም፣ ሚሌ ስንደርስ ለስላሳ ገዛልኝና ታረቅን። በ1990 ጦርነቱ ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፣ እሱም ሌላ መስመር ገባ፣ ግን እንደ ድሮው ዘፈን ይዞ አልሄደም። ከሞተ አሥር ዓመት አልፎታል። ፎቶው አለን፣ ጥሩ ፎቶ ነው፣ ሳሎን ተሰቅሏል። ድምፁ ግን ያለው እዚያች ሰባት ሰከንድ ላይ ብቻ ነው።

የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ዕለት ይሄንንም አግኝታው ነበር። «ይሄ የተበላሸ ነው፣ ዩቲዩብ ላይ ጥራት ያለው አለ፣ ላውርድልህ?» አለችኝ። ደግና ቅን ልጅ ናት፣ አያቷን አላወቀችውም። ኢርፎኑን አንዱን ለእሷ ሰጥቼ አንዱን ለእኔ አድርጌ አብረን ሰማነው። «ታኮ» ሲል ቀና ብላ አየችኝ። ታኮ ምን እንደሆነ እንኳ አታውቅም ነበር፤ መኪና እንዳይንሸራተት ከጎማ ሥር የሚገባ እንጨት ወይም ድንጋይ ነው ብዬ ነገርኳት።

ዋናው ካሴት ዛሬ የለም። የ2014ቱ ጦርነት ደሴ ከመምጣቱ ሁለት ዓመት በፊት፣ ካሴት ወደ ኮምፒውተር የሚያዞር ልጅ ከተማ ውስጥ አግኝቼ፣ በወር በወር ደሞዝ ስቀበል አምስት አምስት እየወሰድኩ አዞርኳቸው። ሁሉንም አላዳረስኩም። በጥቅምት 2014 ከደሴ ስንወጣ የያዝነው ልብስና እናቴን ነው። ሜሞሪው ስልኬ ውስጥ ስለነበር አብሮኝ ወጣ። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ቤቱ ተከፍቶ ነበር። የካሴት ካርቶኑ ግቢ ውስጥ ተገልብጧል። ክሩ ተመዝዞ ጌሾው ላይ ተጠምጥሟል፣ ነፋስ ሲነካው ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ቡናማ ክር፣ ስንት ሜትር እንደሆነ እንጃ። ቆሜ አየሁት። ከዚያ ገብቼ ቢክ እስክሪብቶ አመጣሁና አንዱን ማጠንጠን ጀመርኩ። የተቆራረጠ ነው፣ አይሆንም። እናቴ «ተው ልጄ፣ አብሽር፣ ነፍስ ተርፏል» አለችኝ። ተውኩት። ጌሾው ላይ የቀረውን ለቅመን ያነሳነው ግን ከብዙ ቀን በኋላ ነው።

ማታ ስመለስ የአስናቀች ወርቁ ትዝታ መጣ። ትዝታ ብዙ ሰው ዘፍኗል፣ ትልልቅ ኦርኬስትራ ያጀበውም አለኝ። እኔ የምመርጠው ግን እንዲህ አንድ ሰው ከአንድ ክራር ጋር ሲሆን ነው። አስናቀች የመድረክ ተዋናይም ስለነበረች ይመስለኛል፣ ስትዘፍን ፊት ለፊትህ ተቀምጣ የምታወራህ ያህል ነው፣ ቃሉን ትጥለዋለች፣ ታነሳዋለች፣ ክራሩ እስኪመልስላት ትጠብቃለች። በ2004 መጀመሪያ ላይ አረፈች። ሐረጎን ስንወጣ ሞተሩ ስለሚጮህ ድምፁን ጨመርኩት።

ከእሷ ቀጥሎ፣ ገራዶን ልናይ ስንል፣ የመጣው የአያቴ ቤት መንዙማ ነው።

የአባቴ እናት ሐይቅ አጠገብ ነበር የሚኖሩት። አባቴ ሙስሊም እናቴ ክርስቲያን ነበሩ፣ ወሎ ውስጥ ይሄ ብርቅ አይደለም። ሐሙስ ማታ አያቴ ቤት ወዳጃ፣ የዱዓና የመንዙማ ማኅበር፣ ይቀመጣሉ። አደሱ ይጎዘጎዛል፣ እጣን ይጨሳል፣ ቡናው አቦል ቶና በረካ እያለ እስከ ሌሊት ይሄዳል። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ድቤው ቀስ ብሎ ይጀምርና እየሞቀ ይሄዳል። አያቴ ማንበብ አያውቁም ነበር። የወሎ መንዙማ ብዙው በአማርኛ ተገጥሞ በአረብ ፊደል የተጻፈ ነው፣ አጀም ይሉታል፣ እሳቸው ግን ከጽሑፉ ሳይሆን ከእናታቸው አፍ ነው የያዙት። እኔ ጥግ ላይ በጋቢ ተጠቅልዬ እተኛለሁ። መኝታዬ ያ ድቤ ነበር። አሁንም እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ እሱን ነው የምከፍተው።

አጎቴ፣ ክራር መቺው፣ ለገበያ ሐይቅ ሲመጣ አያቴ ቤት ነበር የሚያድረው። ወዳጃ ሲኖር በር አጠገብ ይቀመጣል። ዱዓ ሲደረግ አብሮ እጁን ይዘረጋል። ቡናውን ይጠጣል፣ ዜማውን ይሰማል። አያቴ ሲሞቱ ለለቅሶ መጣ። በሰባተኛው ቀን ይሁን በስምንተኛው፣ ሰዉ ቀነስ ሲል፣ ሴቶቹ ቡና እያፈሉ ሳለ፣ ክራሩን ከጋቢው ውስጥ አወጣና አባቴን ቀና ብሎ አየው። ለቅሶ ቤት ክራር አይመታም። አባቴ ዝም ብሎ በራሱ ነቀነቀ። አጎቴ አያቴ የሚያወጡትን የመንዙማ ዜማ፣ ያለ ቃል፣ ቀስ አድርጎ መታው። እኔ ቴፑን ከፈትኩት፣ በዚህ ጊዜ አውቄ። ከኋላ የሚሰማው ሲኒ የዚያን ቀን ሲኒ ነው።

ትራክ 07 ይሄ ነው። ለእህቴ ልጅ ያኔ ቅዳሜ ይሄን ሁሉ መንገር አልቻልኩም፣ ጉሮሮዬ ተያዘ። ዛሬ የጻፍኩት ለእሷም ጭምር ነው።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የአያቴ ቤት መንዙማ ቅጂዬ መሀሉ ላይ ተቆርጧል፣ ያኔ ቴፕ በልቶት በጥፍር ቀለም የቀጠልኩት ቦታ ላይ ጥቂት ደቂቃ ጎድሏል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሐይቅ አካባቢ የተቀዳ ነው። ሰዎች እየተዋዋሱ ብዙ ቦታ አባዝተውት ነበር፣ ኩታበርም ሄዷል። ምልክቱ እንዲህ ነው፤ የሚያወጡት አሮጊት ናቸው፣ ድምፃቸው ትንሽ ሻከር ያለ፣ ከመጀመራቸው በፊት ሦስት ጊዜ ይስላሉ፣ ከዚያ አንድ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል። ሕፃኗ እህቴ ናት። ቤታችሁ ያረጀ ካሴት ካለ፣ ስም ባይጻፍበትም፣ ከመጣላችሁ በፊት እስቲ አንድ ጊዜ ክፈቱት።